አር ኤ ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

በአሜሪካ ኮሌጆች የአር ኤ (ዶርም ውስጥ እየኖረ ሌሎቹን ተማሪዎች የሚከታተል ተማሪ) ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ነው። ያ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የዘመድ ልጅ ይደውላል፣ የጓደኛዬ ታናሽ ትጽፋለች፣ በሰው በሰው ቁጥሬን ያገኙ እናቶች ሳይቀሩ «እስቲ አንዴ አነጋግሪልኝ» ይላሉ። ልጆቹ የሚጠይቁት «ክፍሉ በነጻ ነው አሉ፣ ልግባበት?» ነው። እናቶቹ ደግሞ «ትምህርቷን አይነካባትም?» ሁለቱም ደህና ጥያቄ ነው። ለሁሉም በየተራ ከምደጋግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ሥራው ጥሩ ነው። ግን ለነጻ ክፍል ብሎ ብቻ የሚገባበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይማረርበታል። እኔ ኮሌጅ እያለሁ ሠርቼበታለሁ፣ አልጸጸትም። እንደገና ሥሪ ብባል ግን አንድ ዓመት ብቻ ሠርቼ ነው የምወጣው።

ለማያውቅ ሰው፣ አር ኤ ማለት «ሬዚደንት አሲስታንት» ነው። ራሱም ተማሪ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ። ዶርም ውስጥ አንድ ፎቅ ወይም አንድ ክንፍ ይሰጠዋል፣ እዚያ የሚኖሩት ሃያም ይሁኑ ሃምሳ ጉዳያቸውን የሚከታተለው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይሄን ሲሰማ ወዲያው ፕሮክተር ይመጣበታል። ይቀራረባሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ፕሮክተር ተረኛነቱ ሲያልቅ ቤቱ ይሄዳል። አር ኤ የሚሄድበት ቤት የለውም፤ የሚያድረው እዚያው ሥራው ቦታ ነው። የሥራው ጥቅምም ጣጣም ከዚህ ነው የሚመጣው።

ከገንዘቡ እንጀምር፣ ሁሉም ሰው ከዚያ ስለሚጀምር። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ የዶርምና የምግብ ወጪ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። ትልልቅ ከተማ ያሉት ጋ ደግሞ ከዚህም በጣም ይርቃል። አር ኤ ስትሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ በነጻ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም የብቻ ክፍል ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ ሚል ፕላን (የካፌ ምግብ) ይጨምርበታል፣ አንዳንዱ ትንሽ የኪስ ገንዘብ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም፣ አንዳንዱ ደግሞ ክፍሉን ብቻ ሰጥቶ ጭጭ ነው። ስለዚህ «አር ኤ እንዲህ ይከፈለዋል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የሚያወራው ስለራሱ ኮሌጅ ብቻ መሆኑን እወቁ።

አሁን ብዙዎች ሳያዩት የሚገቡበት ነገር። በፋይናንሻል ኤይድ (በትምህርት ወጪ እርዳታ) የምትማሩ ከሆነ፣ ክፍሉ እንደ እርዳታ ሊቆጠርባችሁና ሌላው ግራንት (የማይመለስ ገንዘብ) ወይም ብድር ሊቀነስባችሁ ይችላል። አሠራሩ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ወላጆቹ ብዙ ገቢ የሌላቸው፣ ወጪው ቀድሞውንም በግራንት የተሸፈነለት ልጅ ላይ ሲደርስ ነው የሚያናድደው። ነጻ ክፍል አገኘሁ ብሎ ይፈነድቃል፣ ነሐሴ ላይ አዲሱ የእርዳታ ደብዳቤ ሲመጣ ግራንቱ በዚያው ልክ ወርዷል። ማለትም በፊትም ያልከፈለውን ክፍል አሁን ሌሊት እየተነሳ በሥራ ይከፍለዋል። አዎ፣ እንደዚህ ይሆናል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ «አር ኤ ብሆን የኔ ፓኬጅ በዶላር ስንት ይለወጣል?» በሉ። መልሱን በኢሜይል አስጽፉ። የዶርም ቢሮው ሰዎች «ምንም አይነካህም» ቢሏችሁ አትመኑ። ክፉ ሆነው አይደለም፣ የነሱ ሥራ ስላልሆነ ነው።

በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ የመጣችሁ ሌላም ሒሳብ አለባችሁ። ትምህርት ባለበት ወቅት ካምፓስ ውስጥ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፣ አር ኤነትም ሥራ ስለሆነ ከዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ላይብረሪ የምትሠሩትን ሥራ እንዳለ ይዤ በዚህ ላይ እጨምረዋለሁ ካላችሁ መጀመሪያ የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ። ቪዛ ላይ መላ ምት አይሠራም።

ከገንዘቡ ጋር የሚያያዝ አንድ የማይወራ ነገር አለ። አብዛኛው ኮሌጅ ለአር ኤ ዝቅተኛ የውጤት መስፈርት አለው። ጂፒኤ ከዚያ ሲወርድ፣ ወይም ከአለቃችሁ ጋር ሳትስማሙ ቀርታችሁ ሥራው ሲቀር፣ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ሌላ ሥራ ላይ ያለ ተማሪ ቢባረር ደሞዙን ነው የሚያጣው። አር ኤ በሴሚስተሩ አጋማሽ፣ ምናልባት ሚድተርም እየተፈተነ፣ ሻንጣውን ማሰር ይጠበቅበታል። ይሄ ሁልጊዜ አይከሰትም። ግን ሊከሰት እንደሚችል ማወቁ ራሱ ሰውን ዝም ያሰኘዋል። ሥራ በዝቶብኛል ማለት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ለዚህም ይመስለኛል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አር ኤዎች በብዛት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም የጀመሩት። ቀዳሚው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ነው፤ እዚያ የሚሠሩ አር ኤዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ድምፅ ሰጥተው የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ገቡ። (አዎ፣ የመኪና ፋብሪካ። አሜሪካ ውስጥ ማኅበሩ ብዙ ዓይነት ሠራተኛ ያቅፋል።) በግል ዩኒቨርሲቲዎች በኩል በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ ነው፣ ተማሪ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሠራተኛም ነው የሚል። የዌስሊያን አር ኤዎች በ2022 ማኅበራቸውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲቀበለው አደረጉ። በኮቪድ ሰሞን፣ መስከረም 2020 ላይ፣ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ አር ኤዎች ሥራ አቁመው ነበር። ጥያቄያቸው ምርመራና መከላከያ ነበር። ሰው ሁሉ ርቀት ጠብቅ ሲባል፣ የታመመና ያልታመመ በማይለይበት ፎቅ ላይ በር አንኳኪ እነሱ ነበሩ።

እሺ፣ ሥራው ራሱ ምንድነው?

የሚጀምረው ሌላው ተማሪ ሳይመጣ ነሐሴ ላይ በሥልጠና ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ፣ ስላይድ፣ ስላይድ። ጠቃሚው ክፍል አንድ ነው። ነባሮቹ አር ኤዎች ክፍል ውስጥ ገብተው በር ዘግተው ድራማ ይሠራሉ። አንዱ ሰክሯል፣ አንዷ ከሩምሜቷ (ከክፍል ተጋሪዋ) ጋር ተጣልታ ታለቅሳለች፣ አንዱ ሲጋራ ደብቋል። አዲሱ አር ኤ ያንኳኳል፣ ይገባል፣ ያደርገዋል የተባለውን ያደርጋል። ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ያፍራል፣ ይንተባተባል፣ ይሳቃል። ግን በኋላ እውነተኛው ሲመጣ እጃችሁን በሩ ላይ የሚያነሳው ያ ልምምድ ነው።

ከዚያ ተማሪዎቹ ከነወላጆቻቸው፣ ከነፍሪጃቸው ይገባሉ። ቁልፍ ማደል፣ የክፍሉን ጉዳት መመዝገብ፣ በየበሩ ስም መለጠፍ። ወረቀት ቆርጦ በየበሩ መለጠፍ የማይወድ ሰው ይሄን ሥራ አሁኑኑ ይርሳው። ቀልዴን አይደለም፤ በየወሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማስጌጥ የሚባል ነገር አለ፣ ከኬሚስትሪ ላብ ሪፖርት የባሰ ጊዜ ይበላል።

ዋናው ግን ዲዩቲ ነው። ተራችሁ ሲደርስ የዲዩቲውን ስልክ ትቀበላላችሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ እስከ ጠዋት ሕንጻው የናንተ ነው። መውጣት የለም። ሰዓት እየጠበቃችሁ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ትዞራላችሁ። የውጭ በር ተደግፎ ክፍት ቀርቶ እንደሆነ፣ መታጠቢያ ቤት ውሃ ፈሶ እንደሆነ፣ ኮሪደር ላይ ጫጫታ ካለ፣ ከአንዱ በር ሥር የማይሆን ሽታ ከወጣ። አብዛኛው ሌሊት ምንም የለም። ቁልፉን ክፍል ውስጥ ረስቶ በፎጣ የቆመ ልጅ፣ ያው ነው። ዓርብና ቅዳሜ ሌላ ዓለም ነው። ጓደኞቻችሁ ፎቶ እየላኩላችሁ እናንተ ደረጃ ትቆጥራላችሁ።

የውጭ በር ተደግፎ ቀረ አልቀረ ምን ያስጨንቃል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ከሥልጠናው በፊት እንደዚያ ነበር የማስበው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ጂን ክሌሪ የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዶርም ክፍሏ ውስጥ ተገደለች። ገዳዩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ የገባው ተደግፈው ክፍት በቀሩ በሮች ነው። ወላጆቿ ዝም አላሉም። በ1990 በስሟ የሚጠራው ሕግ ወጣ፣ ኮሌጆች በግቢያቸው የተፈጸመ ወንጀል ቆጥረው በየዓመቱ ይፋ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ። አር ኤ የሚጽፋቸው ሪፖርቶች አንዳንዶቹ የሚሄዱት ወደዚያ ቆጠራ ነው። ከዚያ በኋላ በር ላይ የተቀረቀረ የፒዛ ካርቶን ሳይ አንስቼው ነው የማልፈው፣ አሁን ድረስ፣ አር ኤ ሳልሆን።

የእሳት አላርሙም እንደዚሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ፈንዲሻ ያቃጠለ ልጅ ሕንጻውን በሙሉ ብርድ ላይ ያቆማል። ሰው በፒጃማ ቆሞ ይሳደባል። ሦስተኛው አላርም ላይ አንዳንዱ ከአልጋው አይነሳም። እናንተ ደግሞ «ውጡ» እያላችሁ በር ትደበድባላችሁ፣ በክፉ ዓይን ያዩአችኋል። ኒው ጀርሲ ሲተን ሆል ዩኒቨርሲቲ ጥር 2000 ላይ ዶርም ሲቃጠል ሦስት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊት የሐሰት አላርም ስለበዛ ያኛውንም እንደ ሌላው የቆጠሩት ብዙ ነበሩ። ከዚያ እሳት በኋላ ነው ግዛቱ ዶርሞች ሁሉ ጣሪያ ላይ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ይግባባቸው ያለው። ሻማ ሲቀማ የሚያኮርፍ ልጅ ይሄን አያውቅም። ስትነግሩትም ያኮርፋል፣ ግን በትንሹ።

ስለ መቀማት ካነሳሁ፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ማታ አብራችሁ ራት የበላችሁትን ሰው በሌሊት ሪፖርት ታደርጋላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1984ቱ ሕግ ወዲህ የመጠጫ ዕድሜ 21 ነው። ዶርም ውስጥ የሚኖረው አብዛኛው ልጅ ደግሞ 18 እና 19። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ካንኳኳችሁ በኋላ ያያችሁትን እንዳላያችሁ መሆን አይቻልም፣ ስለዚህ ስማቸውን ትጽፋላችሁ፣ ጠርሙሱን ራሳቸው እንዲደፉ ታደርጋላችሁ፣ ጠዋት ካፌ ውስጥ ትገናኛላችሁ። አንዳንዱ ሰላም ይላል። አንዳንዱ ሴሚስተሩን ሙሉ ሊፍት ውስጥ ስልኩን ያያል።

ሪፖርት አጻጻፉ ግን ለኔ ትምህርት ነበር። «ሰክሯል» ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ እናንተ ሐኪም አይደላችሁም። «ከአፉ የአልኮል ሽታ ይወጣል፣ ሲራመድ ግድግዳ ይደገፋል፣ ስሙን ሁለቴ ስጠይቀው የሩምሜቱን ስም ነገረኝ» ነው የሚባለው። ያያችሁት፣ የሰማችሁት፣ የሸተታችሁ። ግምት የለም፣ ቅጽል የለም። «በጣም አስቸጋሪ ልጅ ነው» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ አለቃዬ መልሳ ትልክልኝ ነበር። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ሰው ተጣልቶ ሁለቱም እየመጡ ሲያወሩኝ፣ የቱ ያዩት የቱ የገመቱት እንደሆነ ወዲያው ይለይልኛል። ይሄን ሌላ ሥራ አያስተምርም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወላጆች ስለሚፈሩት። ብዙ ኮሌጆች ውስጥ ሰው ጠጥቶ ሕይወቱ ሲያሰጋ አምቡላንስ የጠራ ልጅ፣ ራሱም ጠጥቶ ቢገኝ፣ በመጠጡ አይቀጣም የሚል ደንብ አለ። አር ኤ ይሄን መስከረም ላይ ጮክ ብሎ ካልተናገረ፣ ልጆች ፈርተው ጓደኛቸውን «ይተኛ፣ ይሻለዋል» ብለው ይተዉታል። ከሪፖርቱ ሁሉ ይልቅ ይሄን መናገር ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ። ሌሊት አንዲት ልጅ ትመጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ትላለች። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በብዙ ኮሌጆች አር ኤ የፆታ ጥቃት ሲነገረው ለዩኒቨርሲቲው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ይሄ ታይትል ናይን ከሚባለው፣ በትምህርት ቤት የፆታ መድልዎን ከሚከለክለው ከ1972ቱ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ራሷን ለመጉዳት እያሰበች ከሆነም ዝም ማለት አይቻልም። ስለዚህ አፏን ሳትከፍት በፊት ማቋረጥ አለባችሁ፤ «የምትነግሪኝን ሁሉ በምስጢር ልይዘው አልችልም፣ ካውንስለሯ ግን ትችላለች፣ ከፈለግሽ አሁን አብረን እንሂድ»። ስትናገሩት የምትመስሉት ሮቦት ነው። ፊቷ ይለወጣል። ግን ቃል ገብቶ ከማፍረስ ይሻላል፣ በጣም ይሻላል።

ራስን ስለማጥፋት ደግሞ በቀጥታ እንድትጠይቁ ትሠለጥናላችሁ። «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» በዚህ ቃል። እኛ ባደግንበት ቤት ይሄ አይወጣም፣ ሟርት ይመስላል፣ «ባፍሽ አትጥሪው» ይባላል። ግን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አያስገባም፣ ባለሙያዎቹ በዚህ ይስማማሉ። ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሰው የሚሰማው እፎይታ ነው። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ መላው አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭንቅ የያዘው ሰው 988 ብሎ መደወል ይችላል። እኔ ቁጥሩን የበሩ ጀርባ ላይ ለጥፉ ነው የምለው፣ የሚፈልገው ሰው ማንም ሳያየው እንዲያነበው።

እንደዚህ ያለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፍል አለ። ፕሮፌሰሩ አያውቅም። ለጓደኛ መናገር አይቻልም፣ የሰው ጉዳይ ነው። እናት ስትደውል «ደህና ነኝ» ይባላል። ለእናቶቹ ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይሄ ነው፤ ትምህርቱን የሚነካው ሰዓቱ አይደለም። በሳምንት ስታሰሉት ሰዓቱ ያን ያህል አይደለም። የሚነካው የማይቆጠረው ነው፣ ለመተኛት ስትጋደሙ ኮሪደር ላይ የሰማችሁት ድምፅ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እያሰባችሁ የምትቆዩበት። ዲዩቲ ባልሆናችሁበት ቀንም በራችሁ ይንኳኳል። ስማችሁ በሩ ላይ አለ። ይሄን የማይችል ሰው አለ፣ ነውር የለውም። እንቅልፉ ቀላል የሆነ፣ ወይም ብቻውን ሳይሆን ማረፍ የማይችል ሰው ቢቀርበት ነው የሚሻለው።

እና ለምን አልጸጸትም?

በሩምሜት ጠብ ላስረዳ። ክፍላቸው የኔ ጎረቤት የሆነ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት ይተኛል፣ ሁለተኛው ጌም ይጫወታል፣ ኪቦርዱ እንደ በረዶ ዝናብ ነው። ለሳምንታት አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ከዚያ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ርዕሱ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው! ቁጭ አድርጌ ሳነጋግራቸው ጌመኛው በእውነት አያውቅም ነበር። «ጆሮ ማዳመጫ ስለማደርግ ድምፅ የለኝም ብዬ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ ለመናገር ይሉኝታ ይዞት ነበር። (የኛ አገር ልጅ እንኳን አልነበረም። ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።) በሴሚስተሩ መጀመሪያ የሞሉት የስምምነት ቅጽ አለ፣ ማንም አንብቦት አያውቅም። አወጣሁት፣ «የእንቅልፍ ሰዓት» የሚለው መስመር ላይ ሁለቱም «ችግር የለም» ብለው ጽፈዋል። ችግር የለም! ሰርዘን ሰዓት ጻፍንበት። ጌመኛው ድምፁ የማይሰማ ኪቦርድ ገዛ። ጓደኛ አልሆኑም፣ ግን ዓመቱን ጨረሱ።

እኔ ያደግሁት ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ በሚጠራበት ቤት ነው። ሽማግሌ ዕድሜ አለው፣ ይከበራል፣ «ተው» ሲል ይተዋል። አር ኤ 20 ዓመቱ ነው፣ ማንም አያከብረውም፣ ያለው አንድ ቅጽና ትዕግሥት ነው። በዚያ ሁለት ሰው ማስማማት መቻል ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከሥራው በፊት ሰው ሲያስቀይመኝ ዝም ብዬ የምርቅ ዓይነት ነበርኩ። አሁን «ትናንት ያልከው ነገር ቅር ብሎኛል፣ እናውራ» ማለት እችላለሁ፤ ቤተሰብ ውስጥ እንዲያውም በዝቶብሻል እየተባልኩ ነው።

ሌላው ጥቅም ሰዎቹ ናቸው። ኮሌጅ ውስጥ ሰው የሚቀርበው የሚመስለውን ነው። ፎቅ ግን የተደባለቀ ነው፣ እናንተ አልመረጣችሁትም። ከእርሻ መንደር የመጣ፣ ሃይማኖቱ ከናንተ የራቀ፣ ፖለቲካው ደም የሚያፈላ፣ ሁሉም በአንድ ኮሪደር ጥርሱን ይፋቃል። እንደ ጓደኛ ብትሆኑ ትሸሹታላችሁ። አር ኤ ስትሆኑ ግን ሲታመም ሾርባ የምትወስዱለት እናንተ ናችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰውየውን በፖለቲካው ብቻ ማየት ያስቸግራል። ለሲቪ ጥሩ ነው ወይ? ጥሩ ነው። ኢንተርቪው ላይ «ግጭት የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን» ሲሉ መጽሐፍ የሚወጣው ታሪክ አላችሁ። ግን ለዚህ ብላችሁ አትግቡ፣ ያለሱም ሥራ ይገኛል።

ጓደኛ ለማግኘት ብላችሁም አትግቡ። ብዙ ልጅ በዚህ ይሸወዳል። አንደኛ ዓመት ላይ ብቸኝነት ያጠቃው ልጅ «አር ኤ ብሆን ሰው አውቃለሁ» ይላል። ታውቃላችሁ፣ አዎ። ሁሉም ስማችሁን ያውቃል። ግን ወሬ ሞቅ ሲል እናንተ ስትገቡ ዝም ይባላል። አለቃም አይደላችሁ፣ እኩያም አይደላችሁ። ጓደኛ የሚሆኗችሁ ሌሎቹ አር ኤዎች ናቸው፣ እነሱ እውነተኛ ይሆናሉ። ከፎቁ ልጆች ጋር ግን ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት፤ የሚወደድ አር ኤ ለመሆን የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ የሚሸነፈው በሚወዳቸው ልጆች ነው።

ሁለተኛ ዓመት ድረስ መቀጠልን የማልመክረው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትማራላችሁ። በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ትደግማላችሁ፣ ትዕግሥቱ ግን ቀንሷል። በር ስታንኳኩ ፊታችሁ ተኮሳትሮ ነው። ገንዘቡ የግድ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ማንም ሊፈርድባችሁ አይችልም። በሦስተኛ ዓመታችሁ ገብታችሁ፣ ለመመረቂያ ዓመት ጓደኛ አፈላልጋችሁ ከካምፓስ ውጭ ብትከራዩ ግን እኔ ልክ ነው እላለሁ።

እገባለሁ ብላችሁ ለቆረጣችሁ፣ የሥራ ውሉ ሲመጣ የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። በወር ስንት ዲዩቲ አለ፣ ስንት አር ኤ ሕንጻውን ይጋራል? ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ነው የሚታዩት። ታንክስጊቪንግና የገና እረፍት ማን ይቀራል? አገር ቤት ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ትኬት ሳትቆርጡ ይሄን እወቁ፣ ዶርም ሲዘጋ መጨረሻ የሚወጣው አር ኤ ነው፣ ሲከፈትም መጀመሪያ የሚመለሰው። ሌላ ሥራ ይፈቀዳል? ሥራውን ብለቅ ከክፍሉ ለመውጣት ስንት ቀን ይሰጠኛል? ይሄኛውን ለመጠየቅ ሰው ያፍራል፣ ገና ሳይገባ መውጫ የሚጠይቅ እንዳይመስል። ጠይቁ።

ከዚያ አለቃው በሌለበት፣ አሁን እየሠራ ያለ አንድ አር ኤ ፈልጉ። «ሥራው እንዴት ነው?» አትበሉት፣ «አሪፍ ነው» ይላችኋል። «ባለፈው ወር ስንት ሌሊት ከእንቅልፍህ ተነሳህ? ስትነሳስ ለማን ነው የምትደውለው፣ ያነሳልሃል?» በሉት። ሁለተኛውን ሲመልስ ፊቱን እዩ። አለቃው ሌሊት ስልክ የሚያነሳበት ሕንጻ ከሆነ፣ እኔ ግቡ ነው የምለው።